መሳቢያ ውስጥ የቀረው የሕግ አስተያየት

ሚንሃ ሱሩር ሰበታ ተወልዳ ሰበታ ያደገች ናት። አባቷ ሐጂ ሱሩር ከስልጤ መጥተው ጅማ መንገድ ዳር የጨርቅ ሱቅ ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እዚያው ባንኮኒ ሥር ከገበያተኛ አፍ ነው የለቀመችው። ሕግ ተምራ ስትመረቅ አባቷ ዳኛ ትሆናለች ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰው ነበር። እሷን ግን ከቤቷ በባጃጅ አሥር ደቂቃ በማያስኬድ ቦታ ላይ ያለ የክር ፋብሪካ በነገረ ፈጅነት ቀጠራት። የሕግ ክፍል የሚባለው እሷ ራሷ ነበረች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ወደ መጋዘኑ የሚያይ አንድ መስኮት።

ያ መጋዘን የቆመው ድሮ የኦቦ ዋቆ የጤፍ ማሳ በነበረው መሬት ላይ ነው። ኦቦ ዋቆ ሞተዋል። ሚስታቸው አዴ ሸዋነሽ ግን ሰኞ ሰኞ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፋብሪካው በር አይጠፉም።

“ዋቆ መሬቱን አልሰጠም፤ ወረቀቱን አሳዩኝ” ይላሉ።

ፋብሪካው “ፈርመው ሰጥተዋል” ከማለት በቀር ወረቀቱን አሳይቷቸው አያውቅም። የቀበሌው ቅጂ ደግሞ ጠፍቷል ተባለ። ሚንሃ ከሌላው ሠራተኛ ሁሉ የምትለየው ወጥታ ስለምታናግራቸው ነበር። ወንበር ታስወጣላቸዋለች፣ ጤንነታቸውን ትጠይቃለች፣ በኦሮምኛ ታጫውታቸዋለች። አሮጊቷም “ኢንታላ ኮ” ይሏታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “አንቺ ባትኖሪ እዚህ በር ላይ ማን ሰው ይለኝ ነበር?”

በ2008 ጥቅምት ላይ ፋብሪካው ሚንሃን ለሦስት ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ ላካት። ሥልጠናው ለድርጅት ነገረ ፈጆች የተዘጋጀ ነው፤ ድርጅቶች ሕግና ደንብ አክብረው እንዲሠሩ፣ ችግር ሳይፈነዳ እንዲታይ። አሠልጣኙ አቶ ሙሴ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ በጥብቅና ያረጁ ሰው ነበሩ።

“የራሳችሁን ማህደር ጠላት እንደሚያነበው አንብቡት” አሉ በመጀመሪያው ቀን። “የሚያስደነግጥ ነገር ካገኛችሁ ለአለቃችሁ በጽሑፍ ንገሩ። ምስጢሩ ግን የድርጅቱ ነው። ቅጠል ወረቀት ይዛችሁ ከቢሮ አትወጡም።”

ሚንሃ እጇን አወጣች። “ጽፈን መልስ ባናገኝስ?”

“ደግመሽ ትጽፊያለሽ።”

“ከዚያስ?”

አቶ ሙሴ ፈገግ አሉ። “ከዚያ በኋላ ያለውን ሥልጠና አያስተምርም።” አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ሰበታ እንደተመለሰች የታዘዘችውን አደረገች። የመሬቱን ማህደር አውርዳ፣ በሯን ዘግታ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። የስምምነቱ ወረቀት እዚያ ነበር፤ ከሥሩ የኦቦ ዋቆ የጣት አሻራ፣ ከጎኑ ቀን፦ ግንቦት 2003። አራት አምስት ቅጠል አልፎ ደግሞ አዴ ሸዋነሽ በአንድ ወቅት ከአቤቱታቸው ጋር አያይዘው ያስገቡት የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ተገኘ። ማንም ገልጦ ያነበበው አይመስልም። ኦቦ ዋቆ ያረፉት ጥር 2003 ነው ይላል።

ሚንሃ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ደጋግማ አየቻቸው። ሰውየው በተቀበሩ በአራተኛው ወር ፈርመዋል።

የሕግ አስተያየቷን በሁለት ገጽ ጽፋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ፈቀደ ወሰደች። አቶ ፈቀደ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠራተኛ ሲታመም ራሳቸው መኪና ነድተው ሐኪም ቤት የሚያደርሱ ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

“ሚንሃ፣ አሁን ነው ይሄን የምታመጪው? የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር አገሩን እያመሰው?”

“ዛሬ ካልታረመ ነገ ይብሳል ብዬ ነው። ሴትዮዋን ጠርተን እንነጋገር፤ እኔ ላናግራቸው።”

“ትንሽ ይብረድ። ለቦርዱ እኔ አቀርበዋለሁ።” ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

አልበረደም። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ በተቃውሞው የሞተውና የታሰረው ግን ስላልተመለሰ ሰዉ ቤቱ አልገባም። መጋቢት ላይ ሚንሃ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች። እሱም መሳቢያ ገባ። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ማህደሩን ከፍታ ስልኳን አወጣች፤ አሻራው ያለበትን ገጽ ፎቶ ልታነሳ። የአቶ ሙሴ ቃል ትዝ አላት። ሙያዬን ከጣስኩ ነገ ማን ያምነኛል ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ሰኞ ሲመጣ አዴ ሸዋነሽን እንደወትሮዋ አናገረቻቸው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም። ስለ ወረቀቱ ግን አልተነፈሰችም።

አሮጊቷ ሞቱማ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ቡራዩ ብየዳ ቤት የሚሠራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰኔ ላይ ሐጂ ሱሩር ሱቅ ድረስ መጥቶ ሚንሃን አስጠራት።

“እህቴ፣ እናቴ አንቺን ነው የምታምነው” አላት። “እኔ ጋ ያሉት ልጆች ሕግ የሚባል የለም፣ አትልፋ ይሉኛል። አንቺ የተማርሽ ነሽ። አለ በይኝና ልመን።”

የወረቀቱ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። “አለ” አለችው። “ታገስ ሞቱማ። ክረምቱ ይውጣ።”

“እሺ። ካልሽ እታገሳለሁ።” እጇን ጨብጧት ሄደ። እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ ነበረው፤ ሻካራነቱ እስከ ዛሬ መዳፏ ላይ አለ።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ላይ ከቢሾፍቱ፣ ከኢሬቻው በዓል፣ የሞት ወሬ መጣና ሰበታ በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ከተማ ሆነች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚንሃ ቢሮዋ ነበረች። መጀመሪያ ከበሩ በኩል የሰልፈኛ ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ የመስታወት ስብራት። ጥበቃዎቹ ሠራተኛውን በጓሮ በር እያስወጡ ነበር። ደረጃው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ማህደሩ ትዝ አላት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

“ሚንሃ! ነፍስሽን!” ብለው አቶ ፈቀደ ክንዷን ያዟት። ወጣች።

በአባቷ ሱቅ መዝጊያ ስንጥቅ ስታይ ጭሱ ከመጋዘኑ በኩል ጥቁር ሆኖ ወደ ወጨጫ ተራራ ያዘነብላል። ጥጥ ስለሆነ ቶሎ አይጠፋም። ቢሮዋም፣ መደርደሪያዋም፣ የአለቃዋም መሳቢያ አብረው ነደዱ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሞቱማ መንገድ ላይ በጥይት መመታቱ ተሰማ። ከሰልፈኛው ጋር ነበር ያለ አለ፤ እናቱን ከከተማ ሊያወጣ ከቡራዩ የመጣ ነው ያለም አለ። እውነቱን ያረጋገጠላት የለም። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

ለቅሶው ሰው አልነበረውም። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ሰዉ መሰብሰብ ፈርቷል። ሚንሃ በየቀኑ ትሄዳለች፤ ከጎናቸው ትቀመጣለች፤ የወረቀቱን ነገር ሳታነሳ ትመለሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ግን አልቻለችም።

“አዴ ሸዋነሽ፣ የኦቦ ዋቆን ወረቀት አይቼዋለሁ። እውነት ብለዋል። አሻራው የእሳቸው አልነበረም፤ ካረፉ በኋላ ነው የተደረገው።”

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዞሩ። “መቼ ነው ያየሽው?”

“አምና። ጥቅምት ላይ።”

“ሞቱማ አንቺ ጋ የመጣው መቼ ነበር?”

“ሰኔ።”

“ታገስ ያልሽው?”

“አዎ።”

“እያወቅሽ?”

አሮጊቷ አልጮሁም፣ አልረገሟትም። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ።

“ውሃ ላምጣልዎ?” አሏት።

ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት የሠላሳ ዓመቷን ሚንሃን አንቱ አሏት። ኢንታላ ኮ የሚለው ቃል ከዚያ ቀን በኋላ ከአፋቸው አልወጣም።

በወሩ ሥራዋን ለቀቀች። ጠበቃ ፈልጋ፣ በአዴ ሸዋነሽ ስም ክስ እንዲመሠረት አድርጋ፣ እሷ ምስክር ሆና ቀረበች። የፋብሪካው ጠበቃ ተነሥቶ የደንበኛ ምስጢር ማውጣት ነው ሲል ተቃወመ፤ በሙያ ሥነ ምግባርም ከሰሳት። ዳኛው ግን ሰሟት። ቀኑን፣ አሻራውን፣ ሁለቱን ደብዳቤዎች በዝርዝር ተናገረች። አቶ ፈቀደ ተጠርተው “እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አላስታውስም” አሉ። ሲናገሩ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ሐጂ ሱሩር ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ልጃቸውን ሲያዩ ዋሉ። ወረቀቱ በሌለበት የአንድ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ።

አዴ ሸዋነሽ ውሳኔውን ሊሰሙ አልመጡም። ተጂ ከተማ እህታቸው ዘንድ ገብተው ነበር። ሚንሃ የውሳኔውን ግልባጭ ይዛ ሄደች። ደጅ ላይ ተቀምጠው ሽምብራ ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

“ይግባኝ የምንልበት ስልሳ ቀን አለን” አለቻቸው። “እኔ እጽፈዋለሁ። ምንም አይቸገሩም።”

ሽምብራውን መልቀም አላቋረጡም። “መሬቱ ቢመለስ ማን ያርሰዋል?”

“እርስዎ…”

“ማን ያርሰዋል?” ደገሙት፤ በቁጣ አይደለም፣ እውነት መልሱን እንደሚፈልግ ሰው። ኋላ ሰፌዱን አስቀምጠው “መኪና ሳያመልጥዎ ይሂዱ። ከመሸብዎት መንገዱ ጥሩ አይደለም” አሏት።

በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ግልባጩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከመንገዱ ግማሽ ጀምሮ ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ያሉት ሴት ውይ፣ ማን ሞቶባት ይሆን ብለው ጀርባዋን ያሻሹላታል። ረዳቱ ሰበታ ሲደርስ “ወራጅ አለ?” ብሎ ሁለት ጊዜ ተጣራ። ሰምታዋለች። መነሳት ግን አልቻለችም፤ የአባቷን ሱቅ በመስኮት እያየች አለፈችው፣ እስከሚቀጥለው ከተማ፣ ዓለምገና ድረስ።