ሰርብ ማለት

በሐሰት ፓስፖርት መጥቼ ኤርፖርት ላይ ከተያዝኩ በኋላ ያስገቡኝ ኦክላንድ ካለ እስር ቤት ነው። አገር ቤት በፖለቲካ ታስሬ ስለነበር እስር ለኔ አዲስ አይደለም፤ ክፍሏን ሳያት ግን ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ክዳን የሌለው ሽንት ቤት ከአልጋው ራስጌ ተተክሏል። በረኪና ያላጠፋው የሽንት ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ሳሙናው ላይ የሌላ ሰው ጸጉር ተጣብቋል። የላይኛው አልጋ ላይ አንድ ረጅም ነጭ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል።

ማን እንደሆነ የነገሩኝ ምግብ የሚያድሉት እስረኛ ናቸው። የኛው አገር ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

«ሰርብ ነው» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። «በጦርነቱ ሰው ላይ የሚሠሩትን ግፍ ቲቪ ላይ አላየህም እንዴ? ሁላችንም ኢግኖር አድርገነዋል። ደግሞ የሕዝቡ ስም ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ባሪያ ማለት ነው።»

የቲቪው ወሬ እኔንም ያንገሸግሸኝ ነበር። የመጨረሻዋ ቃል ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀች። እናቴን ጎረቤቱ የሚጠራት በዚያች ቃል ነበር። ለቅሶ ቤት ውሃ የጠጣችበትን ጣሳ ለብቻው ያስቀምጡት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይጠጣበት።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬውን በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ አናገርኩት። ዝመት ሲሉት እምቢ ብሎ፣ ድንበር አቋርጦ የጠፋ ሰው ነው። ስለ ሕዝቡ ስም ስጠይቀው ፊቱ ጠቆረ።

«ባሪያ የሚሉን ሌሎች ናቸው» አለ። «አያቴ ግን አንድ ጡት የጠቡ ማለት ነው ይል ነበር። የተማሩትም አልተስማሙም። እኔ አላውቅም።»

በኛ አገር መጠጊያ የሚሻ ሰው የመረጠውን ትልቅ ሰው ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ እንደሚሆን ነገርኩት።

«ጣት?» አለና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ቁርስ ሲታደል ጋሼ ለኔ አንድ ካርቶን ወተት ሰጡኝ። የሱን ከፈቱና ዓይኔ እያየ እንትፍ አሉበት። ሰውዬው ተቀብሎ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋው። የኔን ከፍቼ ተጎነጨሁለትና ሰጠሁት። አፌ የነካውን ሳይጠርግ ጠጣ። ትንሽ አስቀርቶ መለሰልኝ፣ ጨረስኩት።

«ከሱ አፍ? አትጸየፍም?» አሉኝ ጋሼ።

«መጸየፍስ እጸየፋለሁ፣ ጋሼ። እሱን አይደለም እንጂ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ የኔም ወተት ተከፍቶ ይመጣ ጀመር።

ሰውዬውን የት እንደወሰዱት አላውቅም። ስሙ ከጡት ይምጣ ከባርነት፣ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። እኔ ተፈትቼ እዚሁ አገር ቀረሁ፣ ልጅም ወለድኩ። ባለፈው ቅዳሜ ኦክላንድ አጠገብ ሳን ሊያንድሮ ባለው ቤቴ ልጄ የክፍል ጓደኛዋ የተጎነጨችበትን ብርጭቆ በጣቷ ጫፍ ገፋ አድርጋ «ግሮስ» አለች፤ መጸየፏ ነው። እንግዳዋ ልጅ ሰምታ አቀረቀረች። ብርጭቆውን አንስቼ የቀረውን ጠጣሁት።

«ዳድ!» አለች ልጄ።

ሳላጥብ መልሼ ቀዳሁበትና ልጄ ፊት አስቀመጥኩት።

«ጠጪ» አልኳት።