በሰባት ቁጥር የተጣሉበት ሳጥን

ታቢታ የመሥሪያ ቤታችን ራዲዮ ጠጋኝ ነበረች። ኮምፒውተር የተማረችው ኋላ፣ አዲስ አበባ ስድስት ወር ተልካ ነው።

በ1981 ዓ.ም. ባህል አዳራሽ አካባቢ ለነበረው የእርሻ መሥሪያ ቤታችን ሁለት ኮምፒውተርና መረጃ የሚቀመጥበት አንድ የዲስክ ሳጥን መጣለት። የዘር ክፍሉ ኃላፊ ጓድ በላይነህና የስርጭት ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሸዋንግዛው ሳጥኑን «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ተባባሉ። ድሮም ከተኮራረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ጉልላት ሁለቱንም ኮምፒውተር ከሳጥኑ ጋር እንድታያይዝ አዘዟት።

አያያዘቻቸው። አንድ ኬብል በሦስቱም ዕቃ ያልፋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ሥራው ይቆማል። ኬብሉን እኩል ከፈለጉት ባለ ትልቁ ቁጥር ይቀድማል፤ ትልቁ ሰባት ነው። ለበላይነህ ሰባትን፣ ለሸዋንግዛው ስድስትን ሰጠች። ልዩነቱ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይሞላም። ይህንን ሁለቱም ክፍሎች በተሰበሰቡበት፣ የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍታ፣ እያሳየች አስረዳች። ስህተቷ እሱ ነው።

ሸዋንግዛው ጠርቶ ከበላይነህ በምን እንደሚያንስ ጠየቃት። ነገሩ ከሥልጣን ጋር እንደማይገናኝ ብትነግረውም አልሰማትም።

«አንቺ ራዲዮሽን ጠግኚ፤ ማዕረግ አታስተምሪኝ።»

በማግስቱ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ቀጥ አሉ። ሸዋንግዛው ቀድሞ «የታቢታ አሻጥር ነው» ብሎ አመለከተ። ያኔ በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ማታ ቤቱ መግባቱን እንጃ። በላይነህም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላቱን ደገፈና «ጴንጤ ምን ይታመናል» አለ።

ታቢታ ካቻቢቴዋን ይዛ በሥራ አስኪያጁ ፊት የሸዋንግዛውን ኮምፒውተር ከፈተች። የብሎኖቹ ራስ በቢላ ተፍቋል። ቁጥሩን የምትወስነው ጥፍር የምታክል ማያያዣ ከስድስት ወደ ሰባት ተዛውራለች። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ከሸዋንግዛው ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

ጓድ ጉልላት ወደ ኮሪደሩ ወሰዷትና መብራት ተዋዠቀ ብላ ብትፈርም እሷም እንደምትተርፍ፣ ኃላፊውም እንደማይዋረድ ነገሯት።

«ዛሬ መብራት ነው ብዬ ብፈርም፣ ነገ ሰውየው ደግሞ ሲነካው አሻጥረኛዋ እኔው ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልፈርምም።»

ያየችውን ጻፈች፤ ብሎኑን፣ ቁጥሩን፣ ቁልፉን። ጓድ ጉልላት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ። ክሱ ቀረ፤ ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።

ሸዋንግዛው እስኪዛወር ሁለት ዓመት በአንድ ኮሪደር ሲተላለፉ ሰላም አላላትም፤ እሷም አላለችውም። በየወሩ ብቻ ክፍሉን አስከፍታ፣ እሱ ቆሞ እያየ፣ ክዳኑን ትፈታና ስድስት መሆኑን ታረጋግጣለች።