ሁለተኛ አልጠመቅም ያልሁ ጊዜ

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ባለችው ጸሎት ቤታችን ወጣቶቹ ሲሟገቱ ዋሉ። መዳን ቅድመ ሁኔታ አለው ወይስ የለውም፣ የዳነ ሰውስ ተመልሶ ይጠፋል ወይ ነው ነገሩ። አንዱ ከስልኩ ያነባል፣ አንዷ ደብተር ሙሉ ጽፋ መጥታለች። እኔ ጣቴን ፊደሉ ላይ እያስኬድሁ ነው የማነበው፤ አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ ሙግታቸው ውስጥ አልገባሁም። በመጨረሻ ግን ተነሥቼ የራሴን ታሪክ አወራኋቸው፤ በዚህ ጉዳይ እኔም አንድ ጊዜ ተሟግቻለሁ፣ ያውም ስለ ራሴ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከባፕቲስቶቹ ጋር አምኜ ወንዝ ወርጄ ከተጠመቅሁ ዓመት አልሞላኝም። ሐምሌ ላይ አባቴ ሞተ የሚል መልእክት መጣ። እስከ ሉማሜ በመኪና፣ ከዚያ ወደ ቀያችን በእግር፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ነጥቆኛል። ስደርስ አጎቴ ክር ይዘው ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ።

«ማተብ የሌለው አንገት የወንድሜን ቃሬዛ አይሸከምም። እነዚያን ሰዎች ትተሃል ወይስ አልተውህም?»

ለቀስተኛው ያየኛል። ቃሬዛው ሊነሣ ነው። «ትቻለሁ» አልሁና አንገቴን ሰጠሁ። ክሩን አሰሩልኝ፤ አባቴን ተሸክሜ ቀበርሁ። የለቅሶ ቤቱን ንፍሮ ግን ሳልቀምስ መለስሁ። አልተውሁማ!

ደብረ ማርቆስ በተመለስሁበት እሑድ የጌታ እራት ነበረ። ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሥቼ ያደረግሁትን ተናገርሁ። ወንጌላዊው ፊታቸው ጠቆረ።

«ክደሃል። የካደ ሰው መዳኑን ጥሏል። እንደገና እስክትጠመቅ ከማዕዱ አትቀርብም።»

አናጢው ጋሼ ደምሴ ብድግ አሉ። «የለም! እግዜር የሰጠውን አይነሣም። የዳነ አይጠፋም።» እፎይ ልል ስል ጨመሩበት፦ «ይህ ልጅ ከካደማ ፊትም አልዳነም ነበር ማለት ነው።»

ሊያግዙኝ መስሎኝ! አንዱ ጠፍቶብሃል ይሉኛል፣ ሌላው ከነጭራሹ አልነበረህም ይሉኛል፤ እንደገና ይጠመቅ በሚለው ግን ሁለቱም ተስማሙ።

«አልጠመቅም» አልሁ።

«አንተ እልኸኛ!» አሉ ወንጌላዊው።

«ወንጌላዊ፣ ልጅ ሳለሁ አባቴን ‹አባቴ አይደለህም› ብዬ ደምበጫ ጠፍቼ ሦስት ወር ቆይቻለሁ። ስመለስ እናቴ ሁለተኛ አላማጠችም። አባቴም ያለኝ ‹በሬዎቹን ጥመድ፣ ረፍዷል› ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንጌላዊው ግን አልሳቁም።

«ትቻለሁ ማለትህስ?»

«ውሸት ነው፤ አልቅሼበታለሁ። ክሩን ፈትቼ፣ ለአጎቴም ‹ዋሽቻለሁ፣ አልተውሁም› ብያቸው ነው የመጣሁ። በዱላ አባረሩኝ። አባቴን በመቅበሬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

ወንጌላዊው ማተብ የሌለበትን አንገቴን አዩ። ከዚያ ዳቦውን ቆረሱና «ና፣ ቅረብ» አሉኝ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ እልል አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ያን ቁራሽ ሙግት እንደረታ ሰው ደረቴን ነፍቼ ነው የበላሁት፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ይህን ስጨርስ ባለ ደብተሯ ልጅ «አባባ፣ ታዲያ እርስዎን ከየትኛው ወገን ልጻፍዎ?» አለችኝ።

ወገኑን እናንተ ፈልጉት አልኋት። ጌታን የለቀቅሁበትን ቀን አውቀዋለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ለቅቄዋለሁ። እሱ እኔን የለቀቀበትን ቀን ግን ይኸው እስክሸመግል ፈልጌ አላገኘሁትም።