በዱአ የተዘጋው ስብሰባ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቃለ ጉባኤ ይዛልኝ መጣች። ወልድያ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረች ገና ሦስት ወሯ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ጨርሼ ጡረታ ስለወጣሁ ፊደል እንዳርምላት ትፈልጋለች። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩና ሁለተኛው ገጽ ላይ «ተሰብሳቢው ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የፊደል ስህተት የለበትም። «እውነት ተቀብሏል?» ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ሳቀችና እንዲህ ነው እኮ የሚጻፈው አለችኝ። አልተሳሳተችም፤ እኔም እንዲሁ ነበር የምጽፈው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመርሳ ልጅ ነኝ። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ እናቴ ወንዙ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ሽንኩርትና ሸንኮራ እያለማች ነው ያሳደገችኝ። የመስኖውን ውሃ ለየባለመሬቱ በተራ የሚያከፋፍሉት፣ የውሃ አባት የምንላቸው፣ ሐጂ ይማም ነበሩ። ባል የሌላትን ሴት በጨለማ ቦይ ለቦይ አላንከራትትም ብለው ለእናቴ ምንጊዜም የቀኑን ተራ ይሰጧት ነበር። እሷ ክርስቲያን እሳቸው ሙስሊም መሆናቸው እኛ አገር ወሬ አይሆንም። ትምህርቴን የጨረስኩት በዚያ ውሃ ነው ብል አላጋነንኩም።

የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። እኮራበትም ነበር፤ ሰው በምን በምኑ ይኮራል! ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት የቀጠረኝም በእሱ ነው፤ ከዓመት በኋላ ቋሚ ትሆኛለሽ ተባልኩ። በዚያ ኅዳር እኛው ወንዝ ላይ ትልቅ የመብራት ማመንጫ ግድብ ሊሠራ ስለታሰበ ሕዝቡ ይወያይበት ተባለና ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ግድቡን ሊያስረዱ ከመጡት እንግዶች ቡድን ጋር ወደ መንደሬ ወረድኩ።

መርሳ በኅዳር ደስ ትላለች። ብርቱካኑ ቢጫ መምታት ይጀምራል፣ ሴቶች መንገድ ዳር ፓፓያ ይደረድራሉ፣ ማሽላው እሸት ይዞ ይቆማል። ስብሰባው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ለእንግዶቹ እሸት ተጠብሶ ቀረበ፣ ብርቱካን ተላጠላቸው። መሐንዲሱ ትሑት ሰው ነበር፤ ስለ መብራቱና ስለሚመጣው ፋብሪካ አሳምሮ ተናገረ። ውሃው ወደ ኋላ ሲተኛ የአትክልት ቦታውን፣ የመስጊዱን መቃብርና የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እንደሚውጥ የነገረን ግን መጨረሻ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ሐጂ ተነሡ። «መብራቱን አልጠላንም» አሉ። «ይህን ውሃና ይህን አፈር ግን አንሰጥም። አባቶቻችን እዚሁ ነው የተኙት፣ እኛም የምንኖረው በዚሁ ነው። ነገሩን አልወደድነውም፤ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።» ከእሳቸው በኋላ የተናገሩት ሁሉ ይህንኑ ደገሙ። በሰው ፊት መናገር የማትወደው እናቴ ሳትቀር ተነሥታ አልስማማም አለች።

ከዚያ ወደ መሸኛው ደረስን። እኛ አገር እንግዳ ያለ ምርቃት አይሄድም። ሐጂ ለዱአ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሰዉ ሁሉ ዘረጋ። «በሰላም ግቡ። አላህ መንገዳችሁን ያቅናው፣ ሥራችሁን ይባርክላችሁ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።» የመንደሩ ቄስም ሼህም አንድ ላይ አሜን አሉ። የቡድኑ መሪ የሩቅ አገር ሰው ነበርና ነገሩ ልቡን ነካው። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሕዝቡ ግድቡን መርቆ ተቀብሏል ብለሽ ዝጊው» አለኝ።

እኔ አውቅ ነበር። እኛ ዘንድ የሚመረቀው ሰውየው ነው እንጂ የመጣበት ጉዳይ አይደለም። በወሰን የተካሰሱ ሰዎች እንኳ ተመራርቀው ተለያይተው በማግስቱ ክሳቸውን ይቀጥላሉ። ይህን ለመሪው ማስረዳት የምችል ከቡድኑ መሀል እኔ ብቻ ነበርኩ። ቋሚ ለመሆን ሁለት ወር ቀርቶኛል። እንዳለኝ አድርጌ በዚያ በሚያምር እጄ ጻፍኩት። የሐጂንና የእናቴን ቃል «አንዳንድ አስተያየቶች ተሰንዝረዋል» በምትል አንዲት መስመር አለፍኩት።

ጥር ላይ የሽንኩርቱ መደብ ውስጥ ችካል ተተከለ። ሐጂ አምስት ሰው አስከትለው በአይሱዙ ተጭነው፣ የሲሪንቃን መንገድ አቧራ ለብሰው ወልድያ ቢሯችን ድረስ መጡ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ፋይሉን አስመጣና አንብቢላቸው አለኝ። አነበብኩ።

«ሐጂ፣ መርቀዋል ወይስ አልመረቁም?» አላቸው።

«መርቄያለሁ።»

«አልተቀበልነውም ካሉ እንግዲያው ምርቃቱን ያንሡት።»

«ለእንግዳ የሰጠሁትን አላነሣም» አሉ ሐጂ። «ግድቡን ግን አልወደድነውም። ያን ቀንም ብያለሁ።»

«ያን ቀን ያሉት እዚህ ላይ የለም።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም፤ የሚጠብቁኝ ይመስሉ ነበር። «ብለዋል፣ እኔ ነኝ ያልጻፍኩት» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ፋይሉን ዘግቼ ወጣሁ።

በዚያው በጋ ለሠራተኞቹ ካምፕና ለመኪና መንገዱ ተብሎ አትክልቱ ተነቀለ፣ ዋናው ቦይ ተደፈነ። የእናቴም ቁራሽ አብሮ ሄደ። ወልድያ የተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። ስለ ቃለ ጉባኤው አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ የተናገረችውን ታውቃለች፣ ጸሐፊዋንም ታውቃለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው ቆመ። ለምን እንደቆመ የነገረን የለም። ግድቡ ሳይሠራ ቀረ፣ አትክልቱም አልተመለሰም። እኔ ቋሚ ሆንኩ።

ሐጂን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋቸው መርሳ መናኸሪያ ነው። ዓይናቸው ደክሟል። ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ስል በድምፄ ለዩኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉና «ዕድሜሽን ያርዝመው ልጄ፣ እንጀራሽን ያስፋልሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ሳልናገር አውቶቡሴ ላይ ወጣሁ። በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ይኸው ዕድሜዬ ረዝሟል፣ እንጀራም አጥቼ አላውቅም፤ ምርቃታቸው ደርሶልኛል። አንዳንድ ቀን ይቅር ብለውኝ ነበር ማለት ነው ብዬ ልጽናና እልና፣ እነዚያንም የግድብ ሰዎች በዚያው እጃቸው መርቀው እንደሸኟቸው ትዝ ይለኛል።