ከዝዋይ የመጣው ጫማ

አዲስ ጫማ ከካርቶኑ ሲወጣ የሚሸተው የማስቲሽና የፕላስቲክ ሽታ በየዓመቱ መስከረም ላይ የማስተምርበትን አንደኛ ክፍል ይሞላዋል። ሌሎች መምህራን ፈገግ ብለው መስኮት ይከፍታሉ። እኔ ግን እናደዳለሁ። ለምን እንደምናደድ በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ማስረዳት እንጀራዬ ነው፣ ተማሪዎቼም በዚህ ያሙኛል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። አጠገቤ የተቀመጠው መዝጋቢ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «አባትየውስ? እሱን ይዘሽ ነይ» አላት፣ በልጁ ፊት፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። ልጁ መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ አዲሱን ጫማውን አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

እኔና እናቴ እዚሁ አዳማ፣ ፓፓያ በበቀለበት ሰፊ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለ መርገጫ የስፌት መኪናዋ በረንዳው ላይ፣ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ በሚግለው ቆርቆሮ ሥር ይቀመጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና የግቢው በር ጋ ሳልደርስ ድምፁን እሰማና ቤት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ በብጥስጣሽ ጨርቅ ስጫወት፣ የመኪናው ዘይትና የጠመኔው ብናኝ እየሸተተኝ፣ መርገጫው ላይ ከፍ ዝቅ የሚል እግሯን እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። የከተማዋ ንፋስ አቧራውን ሲያስነሳ የሰው ዩኒፎርም እንዳይቆሽሽባት በነጠላዋ ትሸፍነዋለች፤ እኔም አብሬ እሸፈናለሁ።

አባቴ ገና ስድህ ዝዋይ እርሻ ላይ በሹፌርነት ተቀጥሮ ሄደ፣ አልተመለሰም። ግን አባት አልነበረኝም ማለት አልችልም፤ ጫማ የሚልክ አባት ነበረኝ። በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በዝዋይ መስመር ሚኒባስ የሚነዱት ጋሽ ከድር በራችን ላይ ጥሩንባ ነፍተው በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ከወንበር ሥር ያወጣሉ። «ና አንተ! ከአባትህ ነው!» ይሉኛል። ግቢው በሙሉ ይወጣል። ጎረቤታችን አዴ ቦንቱ ጫማውን ከእኔ ቀድመው ይቀበሉና እግሬ ላይ አጥልቀው የጣቱን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይለካሉ። ሁልጊዜ ለማደጊያ አንድ ቁጥር ይሰፋኛል፤ ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ይመጣል። «እግሩን ሳያይ እንዴት አወቀው?» ብለው ይደነቁና «ደሙ ነው የሚነግረው!» ሲሉ መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ። እናቴ ሳቅ ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

አሁን ስለ እናቴ ግብር ላስረዳ። አነስተኛ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ስለማይዝ ገማቾች እየዞሩ የቀን ገቢውን በዓይናቸው አይተው ይገምቱለታል። እኛ ዘንድ የመጡት በዩኒፎርም ሰሞን ነበር። በረንዳው በጨርቅ ተሞልቷል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ለልክ ይዘው ተሰልፈዋል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ መሰላቸውና በዚያው ልክ ግብር ጻፉባት። ሌላው ወር ሁሉ የተቀደደ ኪስ መጣፍና ዚፕ መቀየር እንደሆነ ብትነግራቸውም የሰማት የለም። በኋላ ግን ያለ ረዳት ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ቅሬታ ቢያቀርቡ ይታሰብላቸዋል፣ ሦስት ምስክር ይዘው ይቅረቡ ተባለ። እናቴ አዴ ቦንቱን፣ አከራያችንንና ጋሽ ከድርን ለመነች። እኔንም የሚጠብቀኝ ስላልነበረ ይዛኝ ሄደች። ቢሮ ነው የምንሄደው ብላ አዲሱን ጫማዬን አደረገችልኝ።

የቀበሌው አዳራሽ በሰው ታፍኗል። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ልጁን በማሳደግ የሚረዳሽ አለ?» ሲላት እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብቻዬን ነኝ» አለች። «ጮክ በይ እንጂ!» አላት። ይህን ጊዜ አዴ ቦንቱ ተነሡ።

የእኛን ሰው ጠባይ ለማያውቅ ልንገረው፦ የጎረቤትን ገበና ሰው ፊት መግለጥ ነውር ነው። አንዲትን ሴት በአደባባይ «ባሏ ጥሏት ሄዷል» ማለት ስድብ ነው። አዴ ቦንቱ ሊረዷት ነው የመጡት፤ መርዳት ደግሞ እሳቸው ዘንድ ማስከበር ነው።

«ኧረ የእኛ ልጅ አባት የሌለው አይደለም!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ዝዋይ ቁጭ ብሎ ለእንቁጣጣሽ ጫማ ያልላከበት ዓመት የለም። ያውና እግሩ ላይ፣ እዩት!»

እኔም እግሬን አንሥቼ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አዳራሹ ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። አከራያችንም «እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

ሰብሳቢው ወደ ጋሽ ከድር ዞረ። «አንተ ነህ የምታመጣው?»

ጋሽ ከድር ኮፍያቸውን አውልቀው እናቴን አዩዋት። እናቴ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን እግሬን፣ ከዚያም ፊቴን አየች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፣ አይሆንም፣ አይንገሩ እንደማለት።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ከድር።

«ከዝዋይ?»

«ከዝዋይ።»

«እንግዲህ ረዳት አላት» አለ ሰብሳቢው፤ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ደጅ ስንወጣ አዴ ቦንቱ «አየሽ እንዴት እንዳስከበርንሽ!» አሏት። እናቴ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ አዴ» አለች። ግብሩ ግን አልተቀነሰላትም፤ ዓመቱ ሳይሞላ ንግድ ፈቃዷን መለሰች፣ የስፌት መኪናዋን ሸጠች፣ ገበያ አጠገብ በሰው ሱቅ፣ በሰው መኪና ከማለዳ እስከ ምሽት ትሰፋ ጀመር። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት የምመለሰው ወደ ቁልፍ ነበር። ቁልፉን ከአዴ ቦንቱ ተቀብዬ፣ የመኪናው እግሮች በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በተዉት ምልክት መሀል ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።

እውነቱን የሰማሁት መምህር ሆኜ መጀመሪያ አዳሚ ቱሉ ስመደብ፣ ጋሽ ከድር መኪና ውስጥ ነው። ጋቢና አስቀመጡኝና መቂን ስናልፍ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «አባትህን እኮ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም» አሉኝ። «ጫማውን እናትህ ናት ገዝታ ጠዋት መናኸሪያ የምትሰጠኝ። እዚሁ ላስቀምጠውና ማታ ላምጣው ብላት እምቢ አለችኝ። ከዝዋይ መጣ ስለው ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ ደርሶ ይመለስ አለች። እኔም ጫማህን ዝዋይ አድርሼ እመልሰው ነበር፣ ያለ ትርፍ!» ሊያስቁኝ ፈልገው ነው። አልሳቅሁም።

ዝዋይ የተቀመጠውን ሰውዬ የጠራው አልነበረም፤ የተጠራችው እሷ ናት፤ መጣሏን እንድታስመሰክር። ዛሬስ? ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል የምታስተምረው ባልደረባዬ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ከእኔ ከወንደላጤውም ከእሷም ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር እኩል ነው፤ ልጆቿ እዚያ ሒሳብ ውስጥ የሉም። ልጆቹ ትዝ የሚሉት «አባትየውስ?» ለማለት ሲፈለግ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ያ በአዋቂ የተሞላ አዳራሽ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «መጀመሪያ ልጁን ደጅ አውጡት» የሚል ጠፋ። ያን ያህል ነበር የሚፈለገው።

ባለፈው ሳምንት ከወንበሬ ተነሣሁና ልጁን «ና እስቲ፣ ይሄ ጫማ ሩጫ ይችል እንደሆነ ሜዳውን ዞረህ አሳየኝ» አልኩት። ተፈተለከ። በሩን ዘጋሁ፤ መዝጋቢውን «እኔ እጽፋለሁ» ብዬ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ፤ «ደንቡስ?» ሲለኝ በእኔ ይሁን አልኩት፣ ሳልጮህ ለማለት እየታገልኩ። ሴትየዋ ልጁን ብቻዋን እንደምታሳድግ ነገረችኝ፤ በአሳዳጊው ቦታ የእሷን ስም ብቻ ጻፍኩ።

ልጁ እያለከለከ ተመለሰ። «ቲቸር፣ አባዬ ነው የላከልኝ!» አለኝ እግሩን ከፍ አድርጎ። እናቱ ደንግጣ አየችኝ።

«ሲያምር!» አልኩት።

ሲወጡ እግሯ ላይ ዓይኔ አረፈ። ነጠላ ጫማዋ ተበጥሶ በሽቦ ተይዟል። እዚያው ቆሜ፣ ያን ቀን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ እናቴ ምን ተጫምታ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። የራሴ ጫማ እስከ ማሰሪያው ቀዳዳ ድረስ ይታየኛል። የእሷ አይታየኝም።