ትምህርቱ ወደ ሐሙስ ተዛውሯል

የልጄ ቫዮሊን አስተማሪ መልእክት ሲደርሰኝ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። ልጄ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል ተቀምጠን፣ ቫዮሊኑ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ በጉልበታችን መካከል ቆሟል። ከሰፈራችን፣ ከሽኩና ዩድ አሌፍ ተነስተን ወደ አሮጌው ከተማ ስንሄድ፣ መንገዱን እንዳጋመስን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እንዳላየ ልተወው አሰብኩ፤ እጄ ግን አላስቻለውም። «ዛሬ አይመቸኝም። ትምህርቱ ወደ ሐሙስ ይዛወር። ይሁን?» ይላል።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስልኩን ሳይሆን ፊቴን አይታ ገባት።

«ሹቭ?» አለችኝ። እንደገና? ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፤ ቤታችን እንደዚያ ነው።

«እንደገና» አልኳት።

ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ ታሃና መርካዚት ወረድን፤ መንገዱን ተሻግረን የመልሱን አውቶቡስ መጠበቅ ጀመርን። ከመውረዳችን በፊት ግን መልሱን ጽፌ ልኬ ነበር። ሁልጊዜ የምጽፈውን፦ «በሴደር፣ ኤን በዓያ»። እሺ፣ ችግር የለም።

የቫዮሊኑ ነገር የተጀመረው በትምህርት ቤቷ ነው። ለክፍሏ ልጆች መሣሪያ እያዋሱ በሳምንት አንድ ቀን በቡድን ያስተምሯቸው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሌሎቹ ሲመልሱ የእኔዋ አልመልስም ብላ ሣጥኑን አቅፋ ወደ ቤት መጣች። የሙዚቃ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ «ጆሮ አላት፤ ለብቻዋ የሚያስተምራት ሰው ፈልጊላት» አለችኝና የአንድ ሽማግሌ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ።

ሰውየው እኛ ከኢትዮጵያ በመጣንበት ዓመት ገደማ ከሩሲያ የመጡ ናቸው። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸው ጎልማሳ። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ዕብራይስጥ አንተና አንቱ አይለይም፤ ሊቁንም ደቂቁንም «አንተ» ነው የሚለው። እኔ ግን መምህር ናቸውና በልቤ አንቱ እላቸው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ልጄን አንድ ድምፅ ብቻ እንድታወጣ አዘዟት። ቀስቱን ሳበች። ክርኗን በሁለት ጣታቸው ዝቅ አደረጉና «እንደገና» አሏት። ደግማ ሳበች። «እንደገና»። ሃያ ጊዜ ያህል ሳይሆን አይቀርም። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ፣ ዛሬ ወጥታ ዳግመኛ አልመለስም ትላለች ብዬ ደምድሜ ነበር። እሷ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። «ኢማ፣ የመጨረሻውን ሰማሽው? እንጨቱ አገጬ ሥር ነዘረኝ!» አለችኝ። በኋላ ያን ሁሉ የታገሥኩት ለዚያች ቀን ብዬ ነው።

መጀመሪያ ማክሰኞ ነበር። ከዚያ ሐሙስ ሆነ። ከዚያ እሑድ። ከዚያ ተመልሶ ማክሰኞ፣ ግን ልጄ ገና ከክፍል ሳትወጣ። አንዴ ጥርሳቸውን አማቸው። አንዴ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ መጣባቸው። አንዳንዴ ምክንያቱንም አይጽፉም፤ ቀኑን ብቻ።

የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሥራው በተራ ነው፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት። የልጄ ትምህርት አንድ ቀን በዘለለ ቁጥር ተራዋን የምትቀይርልኝ ባልደረባ መለመን አለብኝ። ተራ የምትደለድለው ሴትዮ ስልኬን ስታነሳ ሰላምታ መስጠቱን ትታ «አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» ማለት ጀምራ ነበር። የለመንኳቸው ሁሉ ውለታቸውን በበዓል ቀን ነው የሚያስከፍሉኝ። እነሱ ከቤተሰባቸው ጋር ማዕድ ሲቀርቡ እኔ አልጋ አነጥፋለሁ።

ዕረፍት አጣሁ። የአንዲት አሮጊት ፀጉር እያጠብኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ይመስለኛል። እጄን አድርቄ አወጣዋለሁ፤ ምንም የለም። መልሼ እከተዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አወጣለሁ።

«ማን እንዲደውልልሽ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጪው?» አለችኝ አሮጊቷ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከሳሙናው ጨፍና።

«የልጄ ቫዮሊን አስተማሪ።»

«እኔስ ፍቅረኛ መስሎኝ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ።

ለልጄም ተጋባባት። ልምምዷን ትጀምርና አቋርጣ፣ ወጥ ወደማማስልበት ትመጣለች። «ዛሬ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ለምን እለማመዳለሁ?» ትላለች። እኔም አላውቅ። ባለቤቴ «ሌላ አስተማሪ ፈልጊ» ብሎ በአንድ ቃል ገላገለው። ያን የመጀመሪያ ቀን አላየማ።

እናቴ ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፋ ነው የምትኖረው። ሳማርርላት ትቆጣኛለች። «መምህር እኮ ናቸው! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች። እሷ ባደገችበት መንደር መምህር ሲመጣ ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር፤ ዛሬም ያው ናት። ነገሩ ሲደጋገም፣ አንድ ከሰዓት ሽንኩርት እየላጠች ቆየችና ሳልጠይቃት፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ሄደሽ አትጠይቂያቸውም?» አለችኝ። ሁለቱን ተረት እንዴት እንደምታስታርቃቸው ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ተውኩት።

ያ ሐሙስ ደረሰ። በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር በሦስት ሰዓት፣ ማለትም በአበሻው በዘጠኝ፣ እንድንመጣ ነበር የጻፉልን። ተራዬን ቀይሬ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት በር ላይ ይዤ፣ ቁርጥራጭ ዳቦ በመንገድ እያስበላሁ ደረስን። ደረጃውን ስንወጣ የቫዮሊን ድምፅ ተሰማን። በሩ ተከፈተ። በእኛ ሰዓት፣ በእኛ ቦታ፣ ሌላ ልጅ ቆማ ትጫወታለች።

«ጽፌልሽ ነበር እኮ» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። እውነታቸውን ነው፤ አውቶቡስ ላይ ሳለን ጽፈዋል። ያን ቀን፣ ያን አንድ ቀን ብቻ፣ ላለማየት ብዬ ስልኩን ቦርሳዬ ሥር ቀብሬው ነበር።

«ማምሻውን በስድስት ሰዓት ተመለሱ» አሉ።

በስድስት ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረብኝ። አፌ ግን ከልማዱ የተነሳ «በሴደ...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሳልጨርሰው ልጄ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«አኒ ሎ ዛዛ» አለች። አልንቀሳቀስም።

አፈርኩ። በመምህሩ ፊት! ክንዷን ይዤ ለማስነሳት ሳብኳት፤ የደረጃውን ብረት ጨብጣ እንቢ አለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ደክሟት ነበር። እንደ ትልቅ ሰው ደክሟት፣ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። ለቀቅኳት። ለቅቄያትም ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ለምን ሁልጊዜ እኛን?» አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረኝም፤ ከዚያ በላይ ዕብራይስጡም ጠፋብኝ።

በሩን ከኋላቸው ገርበብ አድርገው ወደ ደረጃው አፋፍ ወጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ይዋሹኛል ብዬ ነበር፤ አልዋሹም።

«ሌሎቹ ይጮኹብኛል» አሉ። «የዚህችኛዋ አባት ከደወለ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምሰማው። የሰኞዋ ልጅ እናት ደግሞ ብነካት ከነነፍሴ ትበላኛለች። አንቺ ግን ሁልጊዜ ችግር የለም ትያለሽ። እኔም የእውነት ችግር የሌለ መሰለኝ።»

እኛ ቤት «ችግር የለም» ማለት «ችግርማ አለ፣ ግን አንተን ላስቸግርህ አልፈልግም» ማለት ነው። ይህን ሰሚው ያውቃል፤ ያውቃልና «ኧረ ግድ የለም፣ ንገሪኝ» ይላል። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ አገር ኖሬ፣ ተምሬ፣ ሠርቼ፣ ወልጄ፣ ቃሉ በእነሱ ጆሮ ምን ሆኖ እንደሚገባ አስቤው አላውቅም ነበር።

«ችግር አለ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ወረደልኝ። ስለ ተራው፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ በዓሉ ሥራ፣ ልጄ ልምምዷን እያቋረጠች ስለምትጠይቀኝ ጥያቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ደረጃው ላይ ሲያስተጋባ እሰማዋለሁ፤ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

እስክጨርስ ሰሙኝ። «ታዲያ ለአንቺ የሚመችሽ መቼ ነው?» አሉኝ። ከጀመርን አንስቶ ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

«ሰኞ፣ ከሰዓት በአራት።»

«ሰኞ አራት ሰዓት የዚያች የምትበላኝ ሴትዮ ነው።»

«እሷን ያዛውሯታ» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን በረጅሙ ተንፍሰው «እሞክራለሁ» አሉና ገቡ። ልጄ ተነሳች። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እጄን ይዛ ሄደች። ከትምህርት ቤት መልስ እጄን መያዝ ካቆመች ቆይታለች።

በማግስቱ «ሰኞ አራት ሰዓት ኑ» ብለው ጻፉልኝ፤ እስከ ሰኞ ድረስ ግን ሰላም አላገኘሁም። ያቺን ሴት በዓይነ ሕሊናዬ እሠራታለሁ፦ ረጅም፣ ቁጡ፣ ጥፍሯን የተቀባች። መልእክቱ ሲደርሳት አያታለሁ። እኔ የጠላሁትን መልእክት እኔው ለሌላ ሰው አስላክሁ። ቅዳሜን እንዲሁ ስብሰለሰል አሳለፍኩት።

ሰኞ ቀድመን ደረስን። የተዘጋው በር ፊት አንዲት እናት ሴት ልጇን ይዛ ቆማለች። አጭር ናት። የሱፐርማርኬት ካሸሮች የሚለብሱትን ሰደሪያ ለብሳ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ አስራለች። ቫዮሊናችንን አየች፤ እኔም የእሷን አየሁ።

«ሰዓቴን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ይቅርታ። ሌላ ቀን አልሆን ብሎኝ ነው።»

ትበላኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «መልእክቱን ያየሁት አሁን እዚሁ ነው፤ ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድልንም» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እየተነጋገርን ስንሄድ ሰኞን ራሷ እንዳልመረጠችው ሰማሁ። ሰኞ ወዲህ ለመድረስ ዕረፍት ሳትወጣ ትሠራለች። የሚመቻት ረቡዕ ነው፤ ረቡዕ የምትሠራው ጠዋት ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ነግሬያቸው ነበር፤ ጮኼም ነግሬያቸዋለሁ። ስጮኽ ይፈራሉ፣ ሲፈሩ ደግሞ የምለውን አይሰሙም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሲከፍቱልን አብረን ተነሳን። «ሰኞ አራት ሰዓት የእሷ ነው፣ ረቡዕ አራት ሰዓት የእኔ» አለች ያቺ ሴት፣ ረጋ ባለ ድምፅ። እሳቸው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከውስጥ ትልቅ የወረቀት ቀን መቁጠሪያ አምጥተው በሩ ላይ አስደግፈው ጻፉ። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ የማን ስም እንደነበረ አልጠየቅንም። አሁንም ሳስበው ትንሽ ይቆጠቁጠኛል።

ከዚያ ወዲህ አልዛወሩብንም ማለት አልችልም። ክረምቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። አንዱን እሺ አልኩ፤ ታመው ነበር፣ በስልክ ድምፃቸውም ያስታውቅ ነበር። ሌላውን ደውዬ «አልችልም» አልኩ። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ «መልካም፣ እንግዲያው ሰኞ» ብለው ዘጉት። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ልጄ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰኞ ትምህርቷን ጨርሳ ስንወርድ ሦስተኛው እርከን ላይ ቆመች።

«ኢማ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብሆን?»

አንዱን ቀን ለማስጨበጥ ያየሁት አበሳ ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ። ሐሙስ ከሰዓት ተረኛ ነኝ። እሑድ አውቶቡሱ ወደ ካምፑ በሚመለስ ወታደር ይሞላል። ማንን ልለምን ነው?

«ሄደሽ ራስሽ ጠይቂያቸው» አልኳት።

ሣጥኑን አስጨበጠችኝና ተመልሳ ወጣች። ስታንኳኳ ሰማሁ፤ ሲከፍቱላት ሰማሁ። ሁለቱ በዕብራይስጥ ሲከራከሩ፣ እሳቸው አንድ ቀን ሲጠሩ፣ እሷ «ሎ፣ ሎ»፣ አይሆንም ብላ ሌላ ስትጠራ፣ እኔ አንድ እግሬን ከታች አንድ እግሬን ከላይ እርከን ላይ አድርጌ፣ መውጣቱም መውረዱም አቅቶኝ ቆሜ አዳምጥ ነበር።