በአገልግሎት ቀን ያጨድነው ስንዴ

ደብረ ታቦር ውስጥ ያስተማርኩበት የግል ትምህርት ቤት በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ነበረው። «የላቀ ውጤት» በትልልቅ ፊደል፣ «መልካም ሥነ ምግባር» በመካከለኛ፣ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ደግሞ ቀለሙ ሊያልቅ ሲል የተጻፈ ይመስል በቀጭኑ። ለውጤቱ ሁላችንም እንሽቀዳደም ነበር። ሥነ ምግባሩ በወር አንድ አንድ እየሆነ በጠዋት ሰልፍ ይታወጃል፤ ጥቅምት መታዘዝ፣ ኅዳር ሐቀኝነት፣ ታኅሣሥ ንጽሕና። ሐቀኝነት ኅዳር ሠላሳ ላይ ያበቃል። አገልግሎቱ ግን ባለቤት አልነበረውም።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ።

«መምህርት፣ አንቺ ቤት የሚጠብቅሽ ልጅ የለም፤ ልብሽም ሩኅሩኅ ነው» አሉኝ።

አለማግባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሹመት አበቃኝ። የማኅበረሰብ አገልግሎት አስተባባሪ ሆንኩ። የሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜዬ ግን አንድም አልተቀነሰልኝም፤ አገልግሎት ስለሆነ።

በዚያው ሰሞን ያለ ወቅቱ ዝናብ ሊጥል ነው ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ለአጨዳ ማውጣት ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ ሌላ ትምህርት ቤት እንዳይቀድመን ሰግተው ጠሩኝና «ቶሎ ብለሽ አንድ አቅመ ደካማ ፈልጊ» አሉኝ፤ ጠመኔ አምጪ እንደሚባለው።

ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰው ስለ አንዲት እማሆይ ነገረኝ። ወደ ጋፋት በሚወስደው በኩል ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ርቀው የሄዱ ሴት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት የስንዴ ማሳ ነች። ባጃጁ እስከሚችልበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄጄ ማሳውን አየሁ። ስንዴው ደርሷል። እማሆይ ጉልበታቸውን ይዘው ከደጃፋቸው ተነሡና ሳሙኝ።

«እኔስ ብዙም አልቸገረኝ፤ ጎረቤቶቼ የየራሳቸውን ሲጨርሱ ያግዙኛል» አሉ።

«አይ እማሆይ፣ ልጆቻችን ይማሩበታል።»

«ለመማር ከሆነስ ይምጡ፤ ምን ከፋኝ» አሉኝ።

ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ ለእኛ ሲሉ ነው የተቸገሩልን።

ርዕሰ መምህሩ ትምህርት እንዳይስተጓጎል ቅዳሜ እንሂድ ብለው ነበር። የቀበሌው ሰው በስልክ ስቆ «ቅዳሜ እኮ ሰንበት ነው፤ ማን ማጭድ ይጨብጣል?» ሲላቸው ወደ ዓርብ ተዛወረ። ቢጫ ካናቴራ ታተመ። በፊት «ማገልገል ክብር ነው» ይላል፤ በጀርባ የትምህርት ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከፊተኛው ጽሑፍ ገዘፍ ብሎ። ማጭዱን ከጥበቃዎቻችንና ከዘመዶቻቸው ተለማምኜ ሰበሰብኩ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ወላጆች ይደውሉልኝ ነበር። አንዷ እናት ስለት የሌለው ማጭድ ማዘጋጀት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደምንሞክር ነገርኳት።

ዓርብ ጠዋት በሁለት አውቶቡስ ወጣን። የቀበሌው ሰው መንገድ ሊመራን ነበር፤ ስብሰባ ተጠርቶ ቀረ። የጂኦግራፊው መምህር ደግሞ የአበል ወረቀቱ ላይ ፈርሞ አሞኛል ብሎ ቀረ። ስለዚህ መሪዋ እኔ ሆንኩ። በፊት ማሳውን ያየሁት ከታች በኩል በእግር መንገድ መጥቼ ነው፤ ያኔ ውሃ ከቦረቦረው ፈፋ በስተቀኝ ነበር። አውቶቡሱ ግን ከላይ በኩል አመጣን። ወረድኩ። ባሕር ዛፉን አየሁ፣ ፈፋውን አየሁ፣ በስተቀኝ የደረሰ ስንዴ አየሁ።

«ይኼ ነው» አልኩ።

ማሳው ካየሁት ሰፋ ብሎ ታየኝ። ባለፈው ደክሞኝ ስለነበር ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የስንዴን ዛላ ሰሌዳ ላይ ስዬ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ እጠራለሁ፤ ከላይ ሲመጡ ቀኝ ግራ እንደሚሆን ግን የእኔ ትምህርት አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ ስለ ወገን ፍቅር ተናገሩ። ልጆቹ ገቡበት። እንዴት ያለ አጨዳ ነበር! አንዱ እንደ አበባ አንድ አንዱን ይቀነጥሳል። ሌላው ከወገቡ ቆርጦ ገለባውን ያስቀረዋል። ሦስት ሴት ልጆች አንዲት ነዶ ለማሰር እፍኝ ለእፍኝ ሲጨቃጨቁ ግማሽ ሰዓት ፈጁ። ያም ሆኖ ብዙ ነበሩና ማሳው እየተገፈፈ ሄደ።

ረፋዱ ላይ አንድ ገበሬ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጅም፣ ትከሻቸው የበር ያህል የሰፋ ሰው ናቸው። ቆመው ለረጅም ጊዜ ዐዩን። ርዕሰ መምህሩ ሮጠው ሄደው አቀፏቸው።

«አባታችን! እንኳን ደስ ያለዎ!»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አሉ ገበሬው ግራ እንደተጋቡ። «ከወዴት ነው የታዘዛችሁት?»

«ከህሊናችን!»

ገበሬው ትንሽ አሰቡ። «ህሊና፣ ከዞን ነው ከወረዳ?»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁና ፎቶ አንሺውን ጠሩ። ገበሬው «ግን እኮ እኔ…» ብለው ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ «ምስጋና አያስፈልግም!» ብለው አቋረጧቸው። ፎቶ ተነሡ። ገበሬው እንደገና «ጌታው፣ ይኼ ማሳ…» ሲሉ ነዶ አሸከሟቸውና ሌላ ፎቶ ተነሡ። በሦስተኛው ዝም አሉ። በድምፅ ማጉያ ከሚናገር ሰው ጋር መከራከር ምን እንደሚያመጣ በዕድሜያቸው ያዩ ይመስለኛል። ነዶውን አውርደው ጥላ ሥር ተቀመጡና ስልሳ የከተማ ልጅ ስንዴያቸውን ሲቀነጥስ ይመለከቱ ጀመር።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ሚስ፣ አቅመ ደካማው እኚህ ናቸው?»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ጠርጥሬያለሁ። እማሆይን በዓይኔ ፈልጌ አጥቼያቸዋለሁ። ግን ወንድማቸው ወይም ዘመዳቸው ይሆናሉ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

«አቅም በዓይን አይታይም፤ እጨጂ» አልኳት።

አሥር ሰዓት ሲል ጨረስን። ልጆቹ አጨበጨቡ። በዚህ መሐል ከፈፋው ማዶ አንዲት ቢጫ ቆብ የደፉ ሴት በትልቅ ሰፌድ የተቀቀለ ድንች ተሸክመው፣ ቀስ እያሉ፣ ድንጋይ እየመረጡ ሲሻገሩ አየሁ። ሮጬ ሰፌዱን ተቀበልኳቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቃችሁ፤ ድንቹንም ሁለት ጊዜ አሞቅሁት» አሉ እማሆይ። የታጨደውን አዩ፣ ገበሬውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «የእሳቸውን አስቀደማችሁ? ደግ አደረጋችሁ። የእኔን ታዲያ አሁን ነው?»

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ማሳው የተሳሳተ መሆኑን፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ቢያንስ ትልልቆቹን ይዤ መቅረት እንደምችል። ሰዓታቸውን አዩ።

«ወላጆች እየደወሉ ነው። ፕሮግራሙ አልቋል፤ ፎቶውም ጥሩ ወጥቷል።»

ልጆቹ ድንቹን በአዋዜ በሉ። እጃቸውን ታጠቡ፤ ውሃውንም ያመጡት እማሆይ ናቸው። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ገብተን «ማገልገል ክብር ነው» የሚለውን መዝሙራችንን እየዘመርን ተመለስን። እኔ መስኮት ዳር ተቀምጬ ነበር። እማሆይ ባዶ ሰፌዳቸውን ይዘው እጃቸውን ሲያውለበልቡልን፣ አንገቴን ከወንበሩ ጀርባ ደበቅሁ።

ቅዳሜና እሑድ ሰማዩን ስመለከት ዋልኩ። ደመና ሲመጣ ያመኝ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ አንዱን ማጭድ በፌስታል ጠቅልዬ ሄድኩ። ብቻዬን ማሳ አጭዳለሁ ብዬ! ምናልባት ለፋሲካ እጨርስ ነበር።

ስደርስ የእማሆይ ማሳ በሰው ተሞልቷል። ያ ገበሬ፣ ሁለት ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በደቦ ተሰልፈው ግማሹን አጭደውታል። ካናቴራ የለበሰ የለም። ፎቶ የሚያነሣም የለም። ገበሬው ሲያዩኝ ቀና አሉ።

«መጣሽ? ዛሬስ የማንን ልታጭጂ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። ይቅርታ ለመጠየቅ በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ማሳውን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እኔስ ምን ጎደለኝ ብለሽ። ልጆቼ ግን ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ የናንተን ነዶ ሲፈቱና መልሰው ሲያስሩ፣ የወደቀውን ዛላ ሲለቅሙ አረፈዱ። ብቻችንን ብናጭደው ይፈጥን ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም አላማረብኝም። የእሳቸው ተራ መሆኑን ድንቹን ይዘው ሲመጡ ነው የገባኝ። በስማቸው የመጣ ሰው የእኔን አጭዶ እንዴት እተኛለሁ?»

ማጭድ አያያዜን አስተካክለውልኝ ከልጃቸው አጠገብ አሰለፉኝ። በሩብ ሰዓት መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ማንም አላዘነልኝም፤ ደስ አለኝ። ከመምሸቱ በፊት ተከመረ። ዝናቡ ሐሙስ ዕለት ጣለ።

ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ጻፊ ሲሉኝ ይኼን ሁሉ ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ጥሩ። እንግዲህ 'የአንድ አቅመ ደካማ አርሶ አደር ማሳ ታጭዷል' ብለሽ ጻፊ።»

«አቅመ ደካማ እኮ አይደሉም። ሦስት ጥማድ በሬ ነው ያላቸው።»

«ማሳውስ ታጭዶ የለም?»

ታጭዷል። ጻፍኩት። ሌላ ሥራ አላገኝም ብዬ ፈርቼ ጻፍኩት። ታኅሣሥ ገብቶ፣ የወሩ እሴት ንጽሕና ሆኖ ነበርና ቢያንስ በንጹሕ ወረቀት ላይ ነው የጻፍኩት።

የወላጆች ቀን የተከበረው በገና ሰሞን ነው። ገበሬው «አቅመ ደካማው አባታችን» ተብለው ተጋበዙ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከኋላቸው ያሉት ወላጆች መድረኩን ለማየት ወደ ጎን መሳብ ነበረባቸው። ልጆቹ አጨዳውን በድራማ አሳዩ፤ በድራማው በጣም ጎበዝ አጫጆች ነበሩ። ከዚያ ገበሬው ስማቸው ተጠርቶ ወጡ። ብርድ ልብስና ለመደገፊያ የሚሆን ከዘራ ተሸለሙ። ከዘራው እጃቸው ውስጥ እንደ ጠመኔ ሆነ።

ርዕሰ መምህሩ የምስክርነት ቃል እንዲሰጡ ድምፅ ማጉያውን ሰጧቸው። እኔ ጣሪያውን እመለከት ጀመር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ገበሬው። «ልጆቻችሁ ደጎች ናቸው፤ ፀሐዩን ችለው ዋሉ። ስንዴው የእኔ ነው፤ የመጡት ግን ለጎረቤቴ ለእማሆይ ነበር። ያኔውኑ ልናገር ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ መምህሩ እያቀፉ አላናግር አሉኝ። ዛሬ እኔው ስለያዝኩት ልናገር።» ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርገው አሳዩ። «የእማሆይን ሰፈርተኛው አጭዶላቸዋል፤ አታስቡ። ብርድ ልብሱን አደርስላቸዋለሁ። ከዘራውን ግን እኔ እወስደዋለሁ፤ ውሻ አስቸግሮኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከመድረኩ ጎን ሆና አፍጥጣ ታየኛለች። ከርዕሰ መምህሩ ቁጣ ይልቅ የእሷ ዓይን አስፈራኝ። ሥራዬ አበቃ ብዬ ቁጭ እንዳልኩ ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። ላብ ያቸፈቸፈውን ግንባራቸውን ጠረጉና፦

«የተከበራችሁ ወላጆች! ሐቀኝነት ማለት ይህ ነው! ትምህርት ቤታችን ለኅብረተሰቡ ያስተማረው ይህንን ነው!» አሉ።

ጭብጨባው ግድግዳ ነቀነቀ። ገበሬው እንኳ አጨበጨቡ።

በማግሥቱ ልጅቷን በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ያን ቀን እንደዋሸኋት ነገርኳት። መጠርጠሬንም፣ መፍራቴንም። «አውቄ ነበር ሚስ» አለችኝና ኳሷን ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ሪፖርቱ ይስተካከል አልኳቸው። ሪፖርቱ ቀድሞ ሄዷል አሉኝ። በሰኔ ወር በአገልግሎት አርአያ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ የምስክር ወረቀት መጣልንና በመስተዋት ተሰቀለ።

በሚቀጥለው ዓመት አስተባባሪነቱ ለስፖርት መምህሩ ተሰጠ፤ እሱም አግብቶ ስላልነበረ ይሆናል። አጨዳ ቀርቶ ችግኝ ተከላ ሆነ፣ ችግኝ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ። እኔ ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። በኅዳር፣ ክፍል የሌለኝ ቀን ሲገጥመኝ፣ ወደ እማሆይ ሰፈር እወጣለሁ። አሁን በመጠኑ አጭዳለሁ። ገበሬው ግን አሁንም ከሰልፉ ጥግ ነው የሚያቆሙኝ፤ እዚያ የሚበላሸው ጥቂት ስለሆነ።